ክርክር፦ አዲስ የቱሪስት መዳረሻ ስደትን ያስቀራል ወይስ ቦታ ያቀያይራል?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ ሐሳብ ይኼ ነው። «አዲስ የቱሪስት መዳረሻ መገንባት ወጣቱን ከስደት ያስቀራል፣ ለአካባቢው ሰውም እንጀራ ይሆናል።» የሚደግፍ ይደግፍ፣ የሚቃወም ይቃወም። አንድ አደራ አለኝ፤ የአገር ስም ስትጠሩ እዚያ ምን እንደሆነ ተናገሩ። «ሁሉም የሚያውቀው ነው» ብሎ ማለፍ የለም። ዓመቱንም እንዳንደናገር ሁላችንም በፈረንጆቹ እንቁጠር።

መንገደኛው፦
እደግፋለሁ። ምሳሌዬ ካንኩን ናት፣ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ካሪቢያን ባሕር ዳር። በ1970 ግንባታው ሲጀመር ጥቂት ሰው ብቻ የሚኖርበት አሸዋና ረግረግ ነበረ። ቦታውን መርጠው ያጠኑት የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ሰዎች ናቸው፤ የፈለጉት የውጭ ምንዛሪ ነበር። ከኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተበደሩ፣ መንገድና አውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ፣ በ1974 አካባቢ ሆቴሎቹ እንግዳ መቀበል ጀመሩ። በ2020 ቆጠራ ከተማዋ 890 ሺህ ገደማ ሰው ነበራት። ይኼ ሕዝብ ከሰማይ አልወረደም፤ ከዩካታን፣ ከቺያፓስና ከታባስኮ ገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ነው። ካንኩን ባትኖር ከመካከሉ ስንቱ በሰሜኑ ድንበር ወደ አሜሪካ ይሻገር ነበር? ክርክሩ ለእኔ እዚህ ላይ አለቀ።

የመሬት ሰው፦
ልጄ መንገደኛው፣ ገና ሳይጀመር አታስጨርሰን። የመጣውን ቆጠርክ፤ የነበረውንስ ማን ይቁጠረው? ባዶ አሸዋ ላይ ከተማ ብትሠራ ከሳሽ የለህም። የሚጎበኝ ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አይደለም። የታንዛኒያ ከብት አርቢዎች ማሳዮች በ1959 ከሴሬንጌቲ የዱር እንስሳ ፓርክ ሲወጡ «አጠገቡ ባለው ንጎሮንጎሮ ላይ ከብታችሁን ይዛችሁ ትኖራላችሁ» ተብለው ነበር። ንጎሮንጎሮም በተራው የጎብኚ መናኸሪያ ሆነ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የታንዛኒያ መንግሥት ነዋሪውን መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ምሶሜራ እያዛወረ ነው። መንግሥት «በፈቃዳቸው ነው» ይላል። ብዙ ማሳዮች ደግሞ «አገልግሎት እየተነፈግን ምን ፈቃድ አለን?» ይላሉ። አያትየው ተነሥታ የሰፈረችበትን የልጅ ልጇ እንደገና ይለቃል።

ካንኩን ላይም ቢሆን ሆቴሎቹ በባሕሩ ጠርዝ ተደረደሩ፣ ሠራተኛው ወደ ውስጥ ተገፋ። ፕላኑ ካሰበው በላይ ሰው ሲጎርፍ ውኃና ፍሳሽ የሌላቸው ሰፈሮች በቀሉ። ያንን በፖስትካርድ ላይ አታየውም።

መንገደኛው፦
ጋሼ፣ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ የዱር እንስሳ ጥበቃ ጉዳይ ናቸው። ከባሕር ዳር ሪዞርት ጋር ባያምታቱብኝ።

የመሬት ሰው፦
ዕቃውን ጭኖ ለሚነሣው ሰው ልዩነቱን አስረዳልኝና አልመልስብህም።

አልጋ አንጣፊዋ፦
እኔ መጽሐፍ አላነበብኩም፣ የሠራሁትን ልናገር። ሌላ አገር፣ ደሴት ላይ ባለ ሪዞርት ሁለት ዓመት ክፍል አጸዳሁ። ስሙን አልጠራም። ሪዞርቱ ሲከፈት «ለአካባቢው ወጣት ሥራ ይዞ መጣ» ተብሎ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ከእኔ ጋር ፎጣ የሚያጥፉት ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። የደሴቷ ልጆች አትክልት ውኃ ማጠጣትና ጥበቃ ላይ ናቸው፤ ደህና የተማሩት ደግሞ ወደ ዋና ከተማው ሄደዋል። ለምን እንደሆነ አለቃዬን ጠየቅኳት። «የአካባቢው ሰው ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ እያለ ይቀራል። አንቺ የት ትሄጃለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፓስፖርቴም ያለው ቢሮ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አሥር እርምጃ ወረድ ሲሉ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ይቆማሉ። ጠዋት ጠዋት ዓሣው ጀልባው ውስጥ ሲንፈራገጥ አያለሁ። ምሳ ላይ ለእንግዳ የሚቀርበው ዓሣ ግን በረዶ ሆኖ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ በመርከብ የመጣ ነው። ወጥ ቤት የሚሠራውን ልጅ ብጠይቀው ሦስት ጣቱን አወጣ። ሁሉም ቁራጭ እኩል መሆን አለበት፣ ከማቀዝቀዣ ወደ ማቀዝቀዣ መሄድ አለበት፣ ደረሰኝ መኖር አለበት። አጥማጁ ሦስቱም የለውም። የገዛ ባሕሩ ዳር ቆሞ የሌላ ባሕር ዓሣ ሲያልፍ ያያል።

ታዲያ መርገም ብቻ አይደለም። በዚያ ደመወዝ ወንድሜን አስተምሬያለሁ። ማንም ቢጠይቀኝ ሄጄ አልተጸጸትኩም።

ጥያቄ አለኝ፦
እህቴ፣ አለቃሽ ያለችው ነገር ሙሉውን ክርክር ገለበጠብኝ። ወሬው ስደትን ስለማስቀረት ነበር። አንቺ ግን የምትነግሪን መዳረሻው ራሱ ስደተኛ ጠርቶ እንዳመጣ ነው።

ቁጥር ይናገር፦
እሷ ያየችውን በትልቁ ልየው። አይስላንድ በ2010 ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ ነበራት። በዚያው ዓመት እሳተ ገሞራው አመዱን በትኖ የአውሮፓን በረራ ሲዘጋ ስሟ በዓለም ናኘ፤ በ2017 ጎብኚው ከ2 ሚሊዮን አለፈ። የአገሬው ሕዝብ ያኔ 350 ሺህ እንኳ አይሞላም። ታዲያ አልጋውን ማን ያንጥፍ? ፖላንዳዊው መጣ፣ ሊቱዌኒያዊው መጣ። ሀብታም አገር ስለሆነች ማንም በግድ አልተነሣም። የሆነው ግን ያው ነው። መዳረሻ ሰው ይስባል እንጂ ያለውን ሰው ብቻ ይዞ አይቀመጥም።

ድሃ አገር ደግሞ የምዕራብ አፍሪካዋን ጋምቢያን እዩ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ስዊድናውያን ለጎብኚ ተብሎ በሚከራይ አውሮፕላን፣ በቻርተር በረራ፣ ፀሐይ ፍለጋ ይመጡባታል፤ አዲስ መዳረሻ ናት ልትሉኝ አትችሉም። ሆኖም ወጣቷ በሰሃራና በሊቢያ አድርጎ ወደ አውሮፓ ይነጉዳል፤ መንገዱን ራሳቸው «ባክዌይ» ይሉታል። በ2019 መስከረም ላይ ቶማስ ኩክ የሚባለው የእንግሊዝ አስጎብኚ ድርጅት ሲከስር የጋምቢያ ሆቴሎች ወቅቱ ሊጀምር ሲል ቻርተሩ ቀረባቸው። ለንደን ውስጥ የተዘጋ ቢሮ ጋምቢያ ውስጥ የልጅ ምሳ ቀማ። ቀጥሎ 2020 መጣ፤ በዓለም ላይ ድንበር የሚያቋርጠው ጎብኚ ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። በአንድ ሰብል ብቻ የሚኖር ገበሬ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ስለ ካናሪ ደሴቶች ደግሞ አንድ ነገር ብዬ ላቁም። የስፔን ናቸው፣ ከአፍሪካ ጠረፍ ትይዩ። በ2024 ከ15 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚ በአውሮፕላን ገባ። በዚያው ዓመት ከ46 ሺህ በላይ ስደተኛ በጀልባ ደረሰ። በሚያዝያ ደግሞ ነዋሪው የቤት ኪራይ አልቻልንም ብሎ በአሥር ሺዎች አደባባይ ወጣ። ሰልፉ የተወጣው በአውሮፕላን በሚመጣው ብዛት ላይ ነው፤ ይቺን ልብ በሉልኝ።

መንገደኛው፦
እሺ፣ ብዛት ከሆነ ችግሩ ብዛትን መገደብ ይቻላል። ሂማላያ ተራሮች ላይ ያለችው ትንሽ አገር ቡታን በ1974 በሯን ስትከፍት ከመጀመሪያው ጎብኚን መጥና ነው የተቀበለችው። በ2022 የውጭ ጎብኚ በየሌሊቱ 200 ዶላር ለዘላቂ ልማት እንዲከፍል አደረገች። ጥቂት እንግዳ፣ ብዙ ገንዘብ። ይኼስ ምን ይወጣለታል?

ጥያቄ አለኝ፦
በ2023 ግማሹን ቀንሳ 100 አደረገችው፤ ሆቴሉ ባዶ ሲሆን ምን ታድርግ። ወጣቷስ? በብዛት ወደ አውስትራሊያ እየሄደ ነው። ልብ በል፣ አየሩ ንጹሕ፣ ደኑ የተጠበቀ፣ ጎብኚው የተመጠነ፣ ቤተ መንግሥቱ የሚቆረቆር። ልጁ ግን ሻንጣውን ይዟል። መዳረሻ ጥሩ ስለሆነ ስደት ይቀራል የሚለው እዚህ ላይ ይሰበራል።

የመሬት ሰው፦
እኔ ደግሞ ስደት ቀረ አልቀረ የሚለው መለኪያ ከመሠረቱ አይጥመኝም። ሰው የመሄድ መብት አለው። የምጠይቀው የሚቀረው ሰው ምን እጁ ላይ አለ የሚለውን ነው።

ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችውን የደሴቶች አገር ማልዲቭስን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሪዞርት በ1972 ተከፈተ፣ ሰው በሌለባት ደሴት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሕጉ አንድ ደሴት ለአንድ ሪዞርት ነበር፤ ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች ለቱሪስት አልጋ ማከራየት አይፈቀድም። ባለሀብቱ ከበረ፣ ነዋሪው የፍጥነት ጀልባ ሲያልፍ ያያል። ከ2009 ወዲህ ሕጉ ተለወጠና የእንግዳ ማረፊያ በነዋሪው ደሴት ተፈቀደ። ማፉሺ የምትባለው ደሴት ላይ ሰዉ የገዛ ቤቱ ላይ ፎቅ ጨመረ፣ ሁለት ሦስት ክፍል አከራየ። ያው ባሕር፣ ያው አሸዋ፣ ያው ቱሪስት ነው። የተለወጠው የአልጋው ባለቤት ነው። ኔፓልም አናፑርና የተባለው ተራራማ አካባቢ ላይ ከ1986 ጀምሮ የመግቢያው ክፍያ እዚያው አካባቢ ጥበቃና ልማት ላይ እንዲውል አደረገች፤ በመንገዱ ዳር ያሉት ትንንሽ ሎጆች አብዛኞቹ የመንደሩ ሰዎች ንብረት ናቸው።

ቁጥር ይናገር፦
ኔፓላውያን ግን ዛሬም ወደ ገልፍና ማሌዥያ በብዛት ይሄዳሉ፤ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ የኢኮኖሚያቸው ሩብ ገደማ ነው። ለፍትሕ ያህል ነው የምናገረው።

የመሬት ሰው፦
ይሂዱ። ሲመለሱ የሚገቡበት ቤትና የሚያከራዩት ክፍል አላቸው። የተነሣው ሰው ምን አለው?

መንገደኛው፦
ሩዋንዳስ? ጎሪላ ለማየት የሚከፈለው ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ነው። ከፓርኮቹ ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠው በ2005 5 በመቶ ነበር፣ በ2017 10 ሆነ። ትምህርት ቤትና የውኃ ታንከር ተሠርቶበታል። ባለቤትነት ሳይሆን ድርሻም ይሠራል።

ጥያቄ አለኝ፦
10ሩን ሰጪው 5 ማድረግም ይችላል። ፎቅ የሠራውን ሰው ግን ማን ያሳንሰዋል?

መንገደኛው፦
ማዕበል። ካንኩን በ2005 ዊልማ የተባለው ማዕበል አሸዋዋን ጠርጎ ወስዶባታል፤ ከባሕር ወለል እየቀዳ መልሶ የሞላላት መንግሥት ነው። ማፉሺ ላይ ፎቅ የሠራውን ሰው ባሕሩ ቢመጣበት ማን አሸዋ ይሞላለታል? ትንሽ ባለቤት ትንሽ አቅም ነው ያለው። መንግሥትን ከጨዋታው ማውጣት አይቻልም።

የመሬት ሰው፦
ይቺ ጥሩ ናት። ያዝኳት።

አወያይ፦
ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሐሳቡን እናስተካክል የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶኛል። መንገደኛው፣ ያቀረብከውን ማሻሻያ ራስህ ተናገር።

መንገደኛው፦
«ስደትን ያስቀራል» የሚለው ይውጣ። ተሸንፌያለሁ፣ ቡታን ጣለችኝ። «ለአካባቢው ሰው እንጀራ ይሆናል» የሚለው ግን ይቆይ።

የመሬት ሰው፦
ይቆይ። ግን «መዳረሻው ከመታወጁ በፊት መሬቱ በስሙ ለተመዘገበለት የአካባቢው ሰው» ተብሎ ይጻፍ። ከታወጀ በኋላ ደላላው ይቀድማልና «በፊት» የምትለዋን ማንም እንዳይነካብኝ።

አልጋ አንጣፊዋ፦
ጋሼ፣ እኔስ? መሬት የለኝም፣ የደሴቷም ሰው አይደለሁም። እንጀራው ግን ሁለት ዓመት በልቻለሁ፣ ለቤተሰቤም ልኬያለሁ። በእርስዎ አጻጻፍ የት ነው የምገባው?