ሲናገር መሃል ላይ ይታረም?

የዛሬው ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ የሚለማመድ ሰው ሲናገር ቢሳሳት እዚያው ይታረም ወይስ እስኪጨርስ ይጠበቅ?

ጀማሪዋ፦ ይጠበቅ! ሁለት ቃል ሳልተነፍስ «ጎ አይደለም፣ ዌንት ነው» የሚለኝ ካለ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መልሴ «የስ» እና «ኖ» ብቻ ነው።

ቀጥተኛው፦ አልስማማም። «አይዞህ» እየተባለ የታለፈ ስህተት ይደነድናል። ዓመታት ሙሉ «ሂ ጎ» የሚል ሰው አውቃለሁ። አይፈራም፣ አይንተባተብም፤ «ሂ ጎ» ግን አሁንም አለች። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌይን በ1985 እ.ኤ.አ. የጻፈችውን እዩ፦ ካናዳ ውስጥ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የተከታተሉ ልጆች ከዓመታት በኋላ የሚሰሙትን በደንብ ይረዳሉ፣ ሲናገሩ ግን ሰዋስዋቸው ይበላሻል።

ጀማሪዋ፦ እሷ እኮ በቂ የመናገር ዕድል አላገኙም ነው ያለችው! ለእኔ መሰከርክልኝ።

ቀጥተኛው፦ ግማሹን ተውሽው። ዕድሉ ብቻ አይደለም፣ አጥርተው እንዲናገሩ ግፊት ያስፈልጋቸዋል ብላለች።

የማታ መምህር፦ ሁለታችሁም ማረም ማለት ትክክለኛውን መንገር ብቻ አስመሰላችሁት። ሊስተር እና ራንታ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. እንዲሁ የካናዳ ክፍሎችን አጥንተው ነበር። መምህራን አብዝተው የሚያደርጉት ስህተቱን አስተካክለው መልሰው መናገር ነው፤ ተማሪው ራሱን እንዲያርም ከሁሉ ያነሰ የረዳውም እሱ ነው። እኔም ክፍል ውስጥ የማየው ይህንኑ ነው። ተማሪው «የስተርዴይ አይ ጎ» ይላል፣ እኔ «ኦ፣ ዩ ዌንት» እላለሁ፣ እሱ «የስ» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። አልሰማኝም! «የስተርዴይ አይ…» ብዬ ዝም ስለው ግን ትንሽ ያስብና «ዌንት» ይላል። ከራሱ አፍ ስለወጣ አያፍርም።

ጀማሪዋ፦ መምህር፣ እርስዎ እንደዚያ ቢያርሙኝ ምንም አልልም። የሚያስጠላኝ በሰው ፊት እየሳቀ የሚያርመኝ ነው።

ታዛቢ፦ ሰዋስው ላይ ተጣበቃችሁ እንጂ ብዙ ሰው የሚሳቀቅበት አነጋገሩ ነው። «this» ለማለት «ዚስ» አልክ ተብሎ የሚሳቅበት ስንቱ ነው! የቋንቋ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጄንኪንስ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ መግባባትን የሚያሰናክለውን ለይታ በ2000 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። ይህ በምላስና በጥርስ መካከል የሚወጣው የ«th» ድምፅ አስፈላጊ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ የለበትም። የአናባቢ ርዝመት (አናባቢውን ማሳጠር ወይም ማስረዘም) ግን አለበት። እና በ«ዚስ» የምትስቁ ሰዎች ምን እያረማችሁ ነው?

ቀጥተኛው፦ እሺ፣ «ዚስ»ን ተውኩላችሁ። ግን ጀማሪዋ፣ ስብሰባ ላይ ዋጋ ስትናገሪ «ፊፍቲን» ለማለት «ፊፍቲ» ብትይስ? እስክትጨርሺ ልጠብቅ?

ጀማሪዋ፦ እሱን እንኳ አቋርጠኝ። ግን አትሳቅ።