ጥሞናዬ ሳይስተጓጎል ምስክርነቴ ለምን ሰው አራቀብኝ?

ጠያቂ፦
የተወደዳችሁ በጌታ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣሁ ቃሉን አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ከአጥቢያችን ወጣቶች ጋር ለምስክርነት እወጣለሁ። የሚከብደኝ የመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም በምሳ ሰዓት፣ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ለሆነች ባልደረባዬ ስለ መዳን ማስረዳት ጀመርሁ፤ በአክብሮት አዳመጠችኝና ምንም ሳትመልስልኝ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲደርስ ሌላ ክፍል ትቀመጣለች። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

እህት ከሐዋሳ፦
ወንድሜ፣ በዚያች ሰዓት ምሳ ዕቃህ ውስጥ ምን ነበር?

ጠያቂ፦
እንቁላል ፍርፍር። እርሷ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም ነበር።

የአጥቢያ አገልጋይ፦
እንግዲህ እየጎረስህ ነው የሰበክሃት። እንቁላል መብላትህ ኃጢአት ነው አልልም። ሆኖም ጳውሎስ ለሌሎች ከሰበከ በኋላ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ሥጋውን እየጎሰመ እንደሚያስገዛ የጻፈበትን የ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 መጨረሻ ብዙዎቻችን ለማለዳ ጸሎት ብቻ እንጠቅሰዋለን፤ ምዕራፉ ግን ከመነሻው የሚናገረው ሐዋርያው ለሚሰሙት ሰዎች ሲል ስለ ተወው መብት ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ማብቂያ ላይም መብል ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ከቶ እንደማይበላ ተናግሯል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የጀመርኸው ሥርዓት ምሳ ሰዓት ላይ ተቋርጦብሃል።

አባት ከሶዶ፦
ልጄ፣ የምግብ ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ወደ 50 ቢጠጉ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቁአቸው። በመካከሉ መሪዎቹ ታስረው ተገርፈዋል። ምእመናኑም ስንቅ ያመላልሱላቸው ነበር፤ ይህን ፍቅር ያዩ ጎረቤቶች ምክንያቱን መጠየቃቸው አልቀረም። አንተም እስክትጠየቅ ድረስ ብትታገሥ ምን ይጎድልብሃል?

እህት ከሐዋሳ፦
አባቴ፣ በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ፤ ፊልጶስ ጃንደረባውን ቀድሞ የጠየቀው ራሱ ነው። ሠረገላው ላይ የወጣው ግን ተለምኖ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ እስከዚያ ምሳ ዕቃዬን ወደ ሽሮ እለውጣለሁ፤ ይቅርታውን ግን ነገ ጠዋት እጠይቃታለሁ።