ለአጎቴ የቡና መጋዘን አገልግሎት ልሠራ ነው፤ በየትኛው መሣሪያ ልጀምር?

የሂርማታው ጀማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ጅማ ውስጥ የጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) መጋዘን አለው። ገዢዎቹ በየገጠሩ መዝነው በስልክ ይነግሩታል፣ እሱ በደብተር ይጽፋል፣ ማታ ሒሳቡ አይገጥምም። ኪሎውን ከስልካቸው ልከው በቀጥታ የሚመዘገብበት የድር አገልግሎት መሥራት እፈልጋለሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት እችላለሁ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ስለ መሣሪያ ስጠይቅ አንዱ ጃንጎ፣ ሌላው ኖድ፣ ሌላው ዶከር ይለኛል፤ ግራ ገባኝ።

ቡና ቀማሽ፦
ፓይተን ከጀመርክ ሌላ ቋንቋ አትነካካ። ፍላስክን ያዝ፣ በፓይተን የድር አገልግሎት መሥሪያ ቀላል መሣሪያ ነው፤ መረጃውን በኤስኪውላይት፣ በትንሿ የመረጃ ቋት፣ አስቀምጥ። ኤስኪውላይት ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፤ መዝገቡ በሙሉ አንድ ፋይል ስለሆነ ማታ ሥራውን ዘግተህ በፍላሽ ትገለብጠዋለህ። እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ያላለቀውን ምዝገባ ይሰርዘዋል እንጂ ግማሹን ትቶ አያበላሽብህም። ዶከር፣ ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አሽጎ የሚያስኬደው፣ ያችን ላፕቶፕ ከማንገላታት በቀር አሁን አይጠቅምህም። ለኮድ መጻፊያ ቶኒ የሚባለው ቀላል ፕሮግራም ይበቃል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
እኔ ፒኤችፒ የሚባለውን ሌላ ቋንቋ እላለሁ። ርካሽ የድረ ገጽ ኪራይ (አገልግሎቱን በኢንተርኔት የሚያኖር የኪራይ ኮምፒውተር) ብዙውን ጊዜ ፒኤችፒን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ፍላስክን የሚቀበለውን ግን ፈልገህ ማግኘት አለብህ።

ቡና ቀማሽ፦
እሱስ እውነት ነው እህቴ፤ ግን ኪራዩ ገና ነው፣ ልጁ መጀመሪያ አንድ ነገር ሲሠራ ይየው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
እሺ፣ ይሁን። ከመሣሪያው ይልቅ የምፈራልህ ግን ሌላ ነው። ክብደቱን በነጥብ ቁጥር አታስቀምጥ። ፓይተንን 0.1 ሲደመር 0.2 ስንት ነው ብለህ ጠይቀው፤ 0.30000000000000004 ይልሃል። በሺህ ምዝገባ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ከአጎትህ ጋር ያጣላሃል። በግራም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጥ፤ ብሩንም በሳንቲም። አጎትህ በፈረሱላ ካሰቡም፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ ኮዱ ያስላው እንጂ ሰው አያስላ።

የሂርማታው ጀማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍላስክን ጫንኩ፣ ኪሎውን የሚቀበለውን ኮድ ጻፍኩ። አድራሻውን በማሰሻ ስከፍተው 405 የሚል የስህተት ቁጥር ይሰጠኛል። ከስልኬ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም።

ጋሽ ኔትወርክ፦
ሁለት የተለያየ ችግር ነው ልጄ። የማሰሻው አድራሻ መጻፊያ የሚልከው ጌት፣ ማለትም «ገጹን አሳየኝ» የሚል ጥያቄ ነው፤ አንተ የፈቀድከው ፖስት፣ ማለትም መረጃ የሚያስገባውን ብቻ ነው። ትንሽ ቅጽ ሥራና ከዚያ ላክ። ስልኩ የማይከፍተው ፍላስክ በ127.0.0.1 ላይ ስለሚነሣ ነው፤ ይህ ራሱን ኮምፒውተሩን ብቻ ያስተናግዳል። በ0.0.0.0 አስነሣው፣ ስልክህን እዚያው ዋይፋይ ላይ አድርግ፣ በላፕቶፑ የኔትወርክ አድራሻና በ5000 በር (ፖርት) ግባ። ከገጠር እንዲደርስ ግን ኪራይ ያስፈልግሃል። ያን ጊዜ የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) ሁነታውን ሳታጠፋ እንዳታወጣው፤ በዚያ በኩል ሌላ ሰው ማሽንህ ላይ ኮድ ሊያስኬድ ይችላል።

የሂርማታው ጀማሪ፦
ሠራ! ከስልኬ 17 ኪሎ ላክሁ፤ 17000 ግራም ተመዘገበ። ለአጎቴ ባሳየው «ይህ ሁሉ ዜሮ የማን ዕዳ ነው?» አለኝ። አሁን በፈረሱላ የሚያሳየውን ገጽ እየጻፍኩ ነው።