ዋሻ ሚካኤልን ሁሉም ይወቀው ወይስ ይቅር? (ክርክር)

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት አንዲት አባላችን በየካ ያለውን ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ የዋሻ ሚካኤልን ፎቶግራፎች ከነእግር መንገዱ አቅጣጫ ለጥፋ ነበር። ግማሹ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ሲል ግማሹ «አጥፊው፣ ሰው ይጎርፍበታል» ብሎ ተቆጣ። እንግዲህ በግልጽ ይለይልን፦ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉትን ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ቦታዎች ማስተዋወቅ ይገባል ወይስ አይገባም? ስድብ ይሰረዛል።

የየካ ልጅ፦ «አጥፊው» ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። እንጦጦን ተመልከቱ። በባሕር ዛፉ መካከል ብቻችንን የምንሮጥበት ተራራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ የመኪና ሰልፍ ነው። የካ ላይም ይህ እንዲደገም አልፈልግም።

አስጎብኚ፦ ወንድሜ፣ የዋሻ ሚካኤል ችግር የሰው ብዛት ቢሆን ደስ ባለኝ። ችግሩ ውኃ ነው። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ ያውም በዋና ከተማ ውስጥ፣ ጣሪያው ፈርሶ በየክረምቱ ዝናብ ይወርድበታል። ላሊበላ ላይ ቢሆን ስንቱ በጮኸ! እዚህ የሚጮኽ የጠፋው የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ ነው።

የቡታጅራን መንገድ ደግሞ ውሰዱ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ፤ በአዋሽ ዳር ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው። ጎጆ መሳይ ሙዚየሞች አሉት፤ ቁፋሮው የተካሄደበትንም መሬት ቆማችሁ ታያላችሁ። በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ከዋናው መንገድ ታጥፋችሁ አዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ተመልሳችሁ ደግሞ ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች። ጢያ ከተመዘገበ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዘመን አለፈ! ሦስቱም በአንድ ቀን ይታያሉ። የውጭ አገር እንግዶቼ ስማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቦሌ ተወልዶ ያደገው ወዳጄ ግን «ጢያ የት ነው?» ይለኛል። ይህ አያሳፍርም?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ልጄ፣ ያሳፍራል። ተማሪዎቼን ወደ ጢያ ወስጃቸዋለሁ፤ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች ሲቆጥሩ ያየሁት ደስታ መጽሐፍ አይሰጠውም። ነገር ግን አዳዲ ማርያም ሙዚየም አይደለችም፤ የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማውን ሳያወልቅ ሊገባ የሚጋፋ፣ ቄሱ እያስተማሩ ካሜራውን ፊታቸው ላይ የሚደቅን ጎብኚም አይቻለሁ። ፎቶ የምትለጥፉ ሁሉ ሥርዓቱንም አብራችሁ ጻፉ።

የሱባ ነዋሪ፦ እስካሁን ስለ ጸጥታ፣ ስለ ቅርስ ተከራከራችሁ። እዚያ ስለሚኖረው ሰው ማን ተናገረ? የእኛ የመናገሻ ሱባ ደን ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባላል፤ ጽዱም፣ ድኩላውም፣ ጉሬዛውም አለ። ጎብኚው ግን ምሳውን ከአዲስ አበባ ጭኖ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሣል፣ የውኃ መያዣውን ፕላስቲክ ጥሎልን ይሄዳል። ወንጪ ሐይቅ ላይ ገበሬው ተደራጅቶ በተራ ፈረስና ጀልባ ያከራይ ነበር። ማስተዋወቅ ማለት ለእኔ እንደዚያ ያለ ነገር ነው። ትልልቅ ሎጅ ሲመጣ የፈረሱ ባለቤት ዘበኛ ሆኖ የሚቀጠር ከሆነ ግን አልፈልግም፤ ደኑን እናንተ ሳታውቁትም ጠብቀነዋል።

ከሜሪላንድ፦ በየክረምቱ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። ዘመድ የሚወስደን ካፌ ወደ ካፌ ነው፤ እናንተ የምትሉትን አንዱንም አላየንም። ግን እውነቱን ንገሩኝ፣ መንገዱ ሰላም ነው?

አስጎብኚ፦ እህቴ፣ ከከተማ መውጣትን በተመለከተ የደፈናውን መልስ የሚሰጥሽን አትመኚ። በሄድሽበት ሳምንት እዚያው ያለ ሰው ይጠየቃል፣ በቀን ይኬዳል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ልብሽ ካልረጋ ከተማው ውስጥ የጉለሌ እፅዋት ማዕከል አለ፤ የአገር ዛፎችን ለልጆችሽ እያሳየሽ ግማሽ ቀን ትውያለሽ።

የየካ ልጅ፦ አስጎብኚው አንድ ነገር ይመልስልኝ። መታወቅ ቦታን ያድናል አልክ። ፒያሳን ማን ያላወቀ ነበር? ስሟ በየሰው አፍ ነበረ፤ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ የተባለው ሰፈሯ ሲፈርስ ዝናዋ አላስጣላትም።

አስጎብኚ፦ ይህ ከባድ ነው። ዝና ብቻውን አያስጥልም፤ ሕግና የሚያስፈጽመው ሰው ያስፈልጋል። ቢሆንም ለፒያሳ ያዘነ፣ የጻፈ፣ ፎቶ አንሥቶ ያስቀረ ሰው ነበረ። ዋሻ ሚካኤል ነገ ቢናድ ማን ያዝናል? አንተና አሥር ጓደኞችህ።

የየካ ልጅ፦ እሺ፣ ስሙን አስተዋውቁ፤ የእግር መንገዱን አቅጣጫ ግን አትለጥፉ። የፈለገ የሰፈሩን ሰው ጠይቆ ይውጣ። ለሱባውም ወንድማችን ይህ ይሻለዋል፤ የጠየቀ ሰው መንገድ መሪ ይቀጥራል።

የሱባ ነዋሪ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ እኔ አልስማማም። ጠይቆ ለመውጣት ቋንቋውንና ሰፈሩን ማወቅ ይጠይቃል። የሜሪላንዷ እናት ልጆች ማንን ይጠይቃሉ? አቅጣጫው ይለጠፍ፤ ከሥሩ ግን የአካባቢው መንገድ መሪዎች ክፍያ ይጻፍ፤ ያለ መሪ መውጣት ይከልከል።

የየካ ልጅ፦ እርስዎ ካሉ አከብራለሁ፤ ግን ማን ይከለክላል?