የአይስላንድ ዘመዳሞችን ለአንድ ቀን መሀል አዲስ አበባ ላስጎበኝ ነው፤ ምክር ፈልጌ ነበር

የፒያሳዋ፦

ሰላም ቤተሰብ። አስጎብኚ ነኝ፤ ብዙውን ጊዜ የምሠራው መሀል ከተማውን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከአይስላንድ 14 ሰዎች ይመጡልኛል። አያት አለች፣ ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ የአጎትና የአክስት ልጆች፣ ሌላው ቀርቶ የድሮ ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ አብረው ናቸው። ወደ ደቡብ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ቀን ብቻ እኔ ጋ ይውላሉ።

ያሰብኩት ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይተው፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ከምሳ በኋላ የዓድዋ ድል መታሰቢያና ጊዮርጊስ፣ ቡና ቶሞካ፣ ማታ እንጦጦ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን መንገዱ ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው። የስም ዝርዝሩ ሲላክልኝ ቤተሰብ ተብለው የአባት ስማቸው አይገጥም፤ ባልና ሚስት እንኳን ለየብቻ ነው። ሆቴል የያዘላቸው ድርጅት በመጨረሻ ስማቸው ደርድሮ ባልየውን ከሚስቱ ወንድም ጋር አንድ ክፍል መድቦት፣ እሱን ሳስተካክል ዋልኩ። ትልልቆቹን ምን ብዬ ልጥራ? ሚስተር ልበል? ደግሞ ዝምተኞች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ቀኑን ሙሉ እኔ ብቻ ሳወራ እንዳልውል ፈርቻለሁ። የሚያውቃቸው ካለ ይንገረኝ።

ገሊላ ዘካዛንቺስ፦

የስሙን ነገር ለኔ ተዪው። እነሱም እንደኛ በአባት ስም ነው የሚጠሩት። አባቱ ዮን ከሆነ ወንዱ ልጅ ዮንሶን፣ ሴቷ ዮንስዶቲር ይባላሉ፤ ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆችም ቢሆኑ ወንድምና እህት መጨረሻው አይገጥምም። ሴት ስታገባም ስሟን አትቀይርም። የስልክ ማውጫቸው ራሱ የሚደረደረው በራስ ስም ነው። እኛ ውጭ አገር ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሲመጣብን የምናየውን አበሳ እነሱም ያዩታል። ገና መኪና ውስጥ ሳሉ ይሄን አንሺላቸው፤ ወዲያው ትግባባላችሁ።

ሚስተር ምናምን አያስፈልግም። ፕሬዚዳንታቸውንም በስም ነው የሚጠሩት። ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር እ.ኤ.አ. በ1980 በሕዝብ ምርጫ ፕሬዚዳንት የሆነች የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ለአገሩ ሰው ግን ትልቁም ትንሹም ቪግዲስ ነው የሚላት። እኛ «እርስዎ» እንደምንለው ዓይነት የአክብሮት አጠራር ድሮ ነበራቸው፤ አሁን በንግግር የለም ማለት ይቻላል። አያትየዋን በስሟ ብቻ መጥራት ለኛ አንጀት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን እሷ እንደ ድፍረት አታየውም።

የእንፋሎት ሰው፦

እህቴ፣ እኔ ጂኦሎጂስት ነኝ። ለጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ስልጠና ዋና ከተማቸው ሬይክያቪክ ስድስት ወር ቆይቻለሁ፤ ከአገራችን እየሄዱ የሠለጠኑ ብዙ ናቸው።

እዛ ሁሉም ቱሪስት የሚሄድበት የአንድ ቀን ጉብኝት አለ። ጠዋት ወጥተሽ ሲንግቬትሊር፣ ጌይሲርና ጉትልፎስ ፏፏቴን አይተሽ ማታ ትመለሻለሽ። ሲንግቬትሊር እ.ኤ.አ. በ930 ፓርላማቸው አልቲንጊን ያቋቋሙበት ሜዳ ነው፤ መሬቱ እንደኛው ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ሲከፈት በዓይን ይታያል። ጌይሲር ጋ ስትሮኩር የሚባለው ፍል ውሃ በየአምስት አሥር ደቂቃው ወደ ሰማይ ይፈነዳል። እኔን የገረመኝ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ያየሁት ነው። አንዲት የአገሩ ሴት ከውጭ እንግዶቿ ጋር ተሳፍራ ነበር። አስጎብኚው ከየት መንደር እንደሆነች ጠየቃት፣ ቀጠለና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት፣ የመጀመሪያው ፌርማታ ሳንደርስ እናቷ የአክስቱ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሆና ተገኘች። ከዛ በኋላ ማይኩን ረስቶት ነበር!

ሕዝቡ 400,000 አይሞላም፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ዋና ከተማዋና ዙሪያዋ ነው የሚኖረው። ኢንተርኔት ላይ የዘር ሐረግ መዝገብ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው። ማንም አይስላንዳዊ ገብቶ ከሌላው ጋር በስንተኛ ትውልድ እንደሚገናኝ ያያል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥረውን እነሱ በስልክ ይቆጥሩታል። ይሄን አያትየዋን ጠይቂያት፤ ጨዋታው አያልቅም።

ጎረቤት አብሮ መምጣቱም አይግረምሽ። እ.ኤ.አ. ጥር 1973 ሄይማይ የምትባል ደሴት ላይ እሳተ ገሞራ በሌሊት ሲፈነዳ ወደ 5,300 ሰው በዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች አወጡ፣ በአንድ ሌሊት! ያን ሁሉ ሰው ዋናው ምድር ላይ ያለ ዘመድና ወዳጅ ተቀብሎ አስጠለለው። ዛሬም በረዶ ውስጥ ሰው ሲጠፋ ፍለጋ የሚወጡት ደሞዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የመኪናና የመሣሪያ ወጪያቸውን ከሚሸፍኑባቸው መንገዶች አንዱ ለአዲስ ዓመት ርችት መሸጥ ነው። እድር ምን እንደሆነ ብታስረጃቸው ብዙ ማብራራት አይጠበቅብሽም።

ዝምተኛ የሚባሉት ውሃ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ነው። በየሰፈሩ የሕዝብ ገንዳ አለ፤ ሰው ከሥራ በኋላ ፍል ውሃው ውስጥ አንገቱ ድረስ ተነክሮ ፖለቲካውንም ሐሜቱንም የሚያወራው እዛ ነው። ሚኒስትሩም አናጺውም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ስለዚህ በኔ ምክር ፍል ውሃ ሳትወስጃቸው እንዳትቀሪ! እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዛ ውሃ ምክንያት መሆኑን ንገሪያቸው። ሙቅ ውሃ ዳር የተመሠረተ ዋና ከተማ ለነሱ የቤታቸው ወሬ ነው።

ሾፌሩ ያሬድ፦

ጋሼ ያሉት ደስ ይላል፣ ግን ፍል ውሃን ለመታጠብ ካሰባችሁ ቀኑ እዛው ያልቃል። ተራ መጠበቁ አለ፤ እዚህ ደግሞ ሰው በየክፍሉ ነው የሚታጠበው እንጂ እንደነሱ ተሰብስቦ አይደለም። ታሪኩን ውጭ ቆማችሁ ተናግረሽ ብታልፊ ይበቃል።

እኔ የምፈራው ከፍታውን ነው። የአገራቸው ትልቁ ተራራ 2,110 ሜትር ገደማ ነው። መሀል አዲስ አበባ ራሱ ከ2,300 በላይ ነው፣ ማለትም አያትየዋ ሙዚየም ደጃፍ ላይ ቆማ እንኳን አገሯ ውስጥ ካለ ከየትኛውም ቦታ በላይ ናት። በመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ማውጣት አይሆንም። ደረጃ ስትወጡ ቀስ በሉ፣ ውሃ ያዢ።

ሌላው፣ ሁለት ሚኒባስ እንዳትከራዪ። ርካሽ ሊመስልሽ ይችላል። አንዱ መኪና ላይ ሳቅ፣ ሌላው ላይ ዝምታ ይሆናል፤ ዘመድ ዘመዱን ሲፈልግ በየፌርማታው ትቆማላችሁ። አንድ ኮስተር ያዢና ማን የት ይቀመጥ የሚለውን ለነሱ ተዪላቸው።

ገሊላ ዘካዛንቺስ፦

ያሬድ ትክክል ነው። ቶሞካም ቢሆን ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ነው፤ ለወጣቶቹ አሪፍ ነው፣ አያትየዋን ግን አስቢያት። ቡና በጣም የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ሰው ቤት ወስደሽ ከአቦል እስከ በረካ ቢቀመጡ አይሻልም? ጫማ ማውለቁም ለነሱ እንግዳ አይደለም፣ ቤታቸው ሲገቡ ያወልቃሉ። ቤተክርስቲያን በር ላይም አትቸገሪም።

የፒያሳዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የሄይማይን ነገር ሳነብ ዕንባዬ መጣ። እንጦጦን አውጥቻለሁ። ጠዋት ሙዚየምና ሥላሴ፣ ከዛ በፍል ውሃ በኩል ዞረን ታሪኩን መኪናው ቆሞ እነግራቸዋለሁ፣ ከምሳ በኋላ ዓድዋና ጊዮርጊስ ብቻ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አራት ኪሎ እናቴ ቤት ቡና ነው፤ ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ፣ የእድራችን ዳኛም አሉ። ሰዓት አልገድብም፣ እስኪበቃቸው ይጫወቱ።

ንጹሕ ኮስተር ከታጋሽ ሾፌር ጋር ያለው በውስጥ ያናግረኝ። ያሬድ፣ አንተም ካለህ ዋጋህን ንገረኝ።