ጥቆማ፦ የአሮጌ ሞተር የመሪ ስዊችና ኬብል ድሬ ላይ ማን ጋ ይሠራል?

ጥያቄ፦

ሰላም የድሬ ልጆች። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ገዝቻለሁ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ጣጣው ያለው መሪው ላይ ነው። ክላክሱ ሲፈልግ ይጮኻል፣ ሲፈልግ ዝም ይላል። የቀኝ ፍሬቻ ይሠራል፣ የግራው ከፊትም ከኋላም ሞቷል። የሞተሪኖውን (የማስነሻውን) ቁልፍ ስጫን አንዳንዴ ምንም ድምፅ የለም፤ መሪውን ወደ ግራ ጠምዘዝ ሳደርገው ግን ይነሳል። ፍሪሲዮኑም (ክላቹ) እጅ ይገድላል። ሳቢያን ሰፈር ያሳየሁት ጋራዥ የግራውም የቀኙም ስዊች ሙሉ ለሙሉ ይቀየር፣ ኬብሎቹም አብረው ይለወጡ ብሎኛል። ኦሪጅናሉን ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይስ የቻይናውን እዚሁ ልግጠም? የምታምኑት ባለሙያስ የት አለ?

መልስ፦

አቦ፣ ገንዘብህን ያዝ። መሪው ሲዞር የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ስዊቹ አይደለም፣ ሽቦው ነው። ከመሪው ወርደው ወደ ፊት መብራቱ ጀርባ የሚገቡት ሽቦዎች መሪው በዞረ ቁጥር እዚያች አንገት ላይ ይታጠፋሉ። ዓመታት ሲያልፉ የውስጡ መዳብ ይበጠሳል፣ የላዩ ላስቲክ ግን ደህና መስሎ ይቀራል። ስዊች ብትቀይር ሽቦው አብሮ ስለሚለወጥ ሊሠራልህ ይችላል፤ ግን ለአንዲት ቁራጭ ሽቦ የሙሉ ዕቃ ዋጋ ከፈልክ ማለት ነው።

ማንም ጋ ከመሄድህ በፊት ራስህ ሞክር። ዜሮ ማርሽ ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው) እየሠራ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረው። ከጠፋ ከማጥፊያው ወይም ከዋናው የቁልፍ ማስገቢያ የሚመጣው ሽቦ ተጎድቷል። የሞተሩ ዙር ከጨመረ ደግሞ የነዳጅ መስጫው ኬብል እየተጎተተ ነው፣ ወይ አቅጣጫውን ስቶ ገብቷል ወይ ልል የለውም። ይህችን በቀላሉ አትያት፤ ጥምዝ ላይ ሞተሩ ራሱ ነዳጅ ሲሰጥ ማንም አያስቆመውም። እጀታው መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል በባዶ መዞር አለበት። አሮጌ ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ሻጩ ፊት ይህን ይሞክር።

ክላክሱን ከባትሪው በሁለት ሽቦ ቀጥታ አገናኘው። በደንብ ከጮኸ ጥፋቱ ቁልፉ ወይም መስመሩ ነው። የግራ ፍሬቻህ ከፊትም ከኋላም አንድ ላይ መሞቱ አምፖል አይመስልም፤ ቀኙ ብልጭ ድርግም ካለ ፍላሸሩም (ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) ደህና ነው። ስለዚህ ስዊቹን መክፈት የግድ ነው። ስትከፍተው ጨርቅ ላይ አድርገህ ክፈት፣ ውስጡ ስፕሪንግና ከምስር የምታንስ ኳስ አለች፣ ካመለጠችህ አታገኛትም። አብዛኛውን ጊዜ የምታየው የድሬ አቧራ ከድሮ ግራሶ ጋር ተለውሶ መዳቡን ሸፍኖት ነው። የስልክ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት የኮንታክት ማጽጃ እጠበው፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገው። በቤንዚን አትጠበው፣ ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል።

ወደ ባለሙያው ስንመጣ፣ የእኔ ምርጫ ባጃጅ የሚሠሩት ኤሌትሪሺያኖች ናቸው። የሞተር ጋራዦቹ ካርቡሬተርና ፒስተን ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ሽቦ ሲያዩ ግን «ይቀየር» ማለት ይቀናቸዋል። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም የሚነዳው በመሪ ነው፤ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹ፣ ነዳጁ ሁሉ እጀታው ላይ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ባጃጅ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ። እነዚህ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ የሚውሉት ከኬብልና ከስዊች ጋር ነው። ሰው መርጠህ ግን ሂድ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላወጣ ተወው። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ የሚያለብስህን ደግሞ ከዚያ በፊት ተወው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት የናስትሮው ሙጫ ይቀልጥና ተፈትቶ ይንጠለጠላል። በሶልደር አያይዞ በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ የሚያለብስ ይሁን። የስዊቹ ውስጥ ምላስ ቀልጦ ወይም ተነቅሎ ከሆነ ታይዋን ገበያ ያሉ የስልክ ጠጋኞች ጋ ውሰደው፤ እንደነሱ ያለ እጅ ጋራዥ ውስጥ አላየሁም።

ዕቃ መግዛት የግድ ከሆነ እኔ ከአዲስ የቻይና ስዊች ይልቅ ከተፈታ ያማሃ ላይ የወጣ አሮጌ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ሶኬቱ ቀጥታ ይገባል፣ ቀለሙም ይገጥማል። የቻይናው ይረክሳል፤ የሚያመጣው መዘዝ ግን ቀለም ነው። ያማሃ ላይ ጥቁር ሽቦ ማሳ (ኔጌቲቭ) ነው፣ ሮዝ ክላክስ፣ ጠቆር ያለ ቡናማና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ፍሬቻ። ሆንዳ ላይ ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ነው። ብዙ የቻይና ስዊቾች የሆንዳን ቀለም ስለሚከተሉ ጥቁርን ከጥቁር ያገናኘ ሰው ፊውዝ ያቃጥላል። የህንዱ የቦክሰርና የቲቪኤስ ዕቃ በየመለዋወጫ ቤቱ ሞልቷል፣ ጥራቱም አይከፋም፤ ለያማሃ ግን ሶኬቱ አይገጥምም። «ኦሪጅናል» የሚል ካርቶን አይቶ መክፈል ደግሞ የራስ ዕዳ ነው።

ፍሪሲዮኑን ኬብሉን ከሞተሩ በኩል አውልቀህ ጨብጠው። ያኔም ከከበደ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው፣ ከቀለለ ችግሩ ወደ ውስጥ ነው፣ እሱ ሌላ ወጪ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ቀይረው፤ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ርዝመቱንና ጫፉ ላይ ያለውን ጉብ አመሳስል። ካልተበጠሰ ቀጥ አድርገህ ስቀለው፣ ከላይ ቀጭን ዘይት አንጠባጥብበት፣ ከታች እስኪወጣ ድረስ። ስትገጥመው የማንሻው ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር በባዶ ይሂድ።

ሌላ መልስ፣ ከሐረር፦

ወንድሜ በአብዛኛው ትክክል ብሏል፣ በአሮጌው ስዊች ግን አልስማማም። ድሬ ፀሐይ ላይ ዓመታት የቆመ ፕላስቲክ ስትከፍተው ቪቲው የሚገባበት ጆሮ እጅህ ላይ ይሰበራል። አሮጌ ከሆነ ከደጋ የመጣ ፈልግ፣ ሐረር ወይም ሐረማያ ብትጠይቅ ይሻላል። እኛ ጋ ጠላቱ ዝናብ ነው፣ ውሃ ገብቶ መዳቡን ያዝገዋል፤ ዝገት ግን ይጸዳል፣ የተሰበረ ፕላስቲክ አይጠገንም።

ደግሞ ሁላችሁም የቀኙን እጅ ረሳችሁት። ኤክስቲዜድ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ የዘይቱ ዕቃ መሪው ላይ ተቀምጧል። የፍሬን ማንሻው እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ ደንገጎን ቁልቁል እንዳትወርድ። ክዳኑ ላይ የፍሬን ዘይቱ ዓይነት ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ፤ የተጻፈውን ብቻ ጨምር፣ የሞተር ዘይት ከገባበት የፍሬኑ የውስጥ ላስቲኮች ያብጣሉ። ከመክፈትህ በፊት ዙሪያውን ጥረገው፣ ታንከሩ ላይም እንዳይፈስ ጨርቅ ጣል፣ ቀለም ይልጣል። ይህንን ሥራ ለባጃጅ ኤሌትሪሺያን አትስጥ፣ ዲስክ ፍሬን የለመደ የሞተር መካኒክ ጋ ውሰደው።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። በሚኒሞ አዙሬ አየሁት፣ አይጠፋም፣ ዙሩም አይጨምርም። ሞተሪኖው ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ፍሪሲዮኑን ጥብቅ አድርጌ ስይዘው ደግሞ ቶሎ የሚነሳ ይመስለኛል።

መልስ፦

ዜሮ ላይ ሆኖም ፍሪሲዮን ስትጨብጥ የሚለወጥ ከሆነ ማንሻው ሥር ያለችውን ትንሽ ስዊች አስፈትሽ፤ ማርሽ ላይ እያለህ እንዳታስነሳ የምትከለክለው እሷ ናት። እሷ ደህና ከሆነች አንገት ላይ ያለውን ሽቦ ይክፈቱልህ። ሲጠግኑት የተበጠሰችበትን ቦታ ብቻ ቀጥለው እንዳይተዉት፣ አዲስ ለስላሳ ሽቦ ረዘም አድርገው ያስገቡ፣ መታጠፊያው ላይም በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቀው እንዳያስሩት። ዋጋውን ስዊቹ ሳይፈታ ተነጋገር።