ለግራኝ ጀማሪ የክሌይ ተኳሽ የሚሆን ሾትገን፦ ጥቆማ ከዲሲ ዙሪያ

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራኝ ነኝ። ትራፕና ስኪት፣ ማለትም በአየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ዒላማ (ክሌይ) መተኮስ፣ መማር ልጀምር ነው፤ ሾትገን ግን ገና አልገዛሁም። በጀቴ 800 ዶላር ነው፣ ቢበዛ 900። መደርደሪያ ላይ የማየው ሁሉ የቀኝ ነው። ለግራኝ ተብሎ የተሠራ መፈለግ አለብኝ ወይስ የቀኙም ያገለግላል? መለማመጃ ሜዳም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከማናሳስ

እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ዓይንሽን ፈትሺ። ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው ዓይንሽ ራሱ ነው። ስለዚህ ከእጅሽ ይልቅ ዓይንሽ ይወስናል።

ሁለቱን እጆችሽን ወደፊት ዘርግተሽ በመዳፎችሽ መካከል የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ሥሪ። ሁለቱም ዓይኖችሽ ክፍት ሆነው በቀዳዳው ውስጥ የበር እጀታ ተመልከቺ። እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ ቀኝ ዓይንሽን ጨፍኚ። እጀታው በቦታው ከቆየ የሚመራሽ ግራ ዓይንሽ ነው፤ ከቀዳዳው ከጠፋ ደግሞ ቀኙ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ድገሚው፤ አንዴ ብቻ ከሆነ ያሳስታል።

የሚመራሽ ቀኙ ከሆነ፣ ገና ጀማሪ ስለሆንሽ ከቀኝ ትከሻ መማር ከሁሉም ይቀላል። የእጅ ልምድ ገና ስለሌለሽ የምትረሺው ነገር የለም፤ የግራኝ ጠመንጃ ፍለጋውም እዚያው ያበቃል። ቀኙ እየመራሽም ከግራ ትከሻ መተኮስ ካልተውሽ፣ በመከላከያ መነጽርሽ ቀኝ መስታወት ላይ ጥፍር የምታህል ደብዛዛ ፕላስተር ይለጠፋል። ቦታዋ የሚገኘው ባዶውን ጠመንጃ ትከሻሽ ላይ አስገብተሽ፣ ሌላ ሰው ከጎን ቆሞ ቀኝ ዓይንሽ አፈሙዙን የሚያይበትን ነጥብ ሲያመለክትልሽ ነው። በጣም ትልቅ ካደረግሻት የሸክላውን ርቀት መገመት ያስቸግርሻል።

የሚመራሽ ግራው ከሆነ ግን የቀኝ ሰው ጠመንጃ በሦስት ቦታ ይቃወምሻል።

አንደኛው ቀለሀ የሚወጣበት መስኮት ነው። ከግራ ትከሻ ስትተኩሺ ጉንጭሽ ከሰደፉ በስተቀኝ ይሆናል፤ መስኮቱም በዚያው በኩል ነው። ቀለሀው በፊትሽ አጠገብ አልፎ በቀኝ ክንድሽ ላይ ይወጣል፤ ጋዝና ያልተቃጠለ ባሩድ ወደ ጉንጭሽ ይመጣል። አደጋው መነጽር ካለሽ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ ዓይንሽን ማርገብገብ መልመድሽ ነው፣ ከለመድሽው በኋላ ደግሞ መተው ከባድ ነው።

ሁለተኛው ሴፍቲ ነው፣ ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኮስ ቃታውን የሚቆልፈው። ከቃታው ኋላ ያለው ተሻጋሪ ቁልፍ የተሠራው ለቀኝ ሌባ ጣት ነው። የአንቺ ጣት በተቃራኒው ጎን ስለሚያርፍ መያዣሽን ሳትለቂ አትደርሺበትም።

ሦስተኛውን ብዙ ሻጭ አይነግርሽም፤ ከሁሉም የሚያስስትሽ ግን እሱ ነው፦ የሰደፍ ጥመት። አብዛኛው የክሌይ ጠመንጃ ሰደፉ ወደ ቀኝ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይጠማል፣ የቀኝ ሰው ዓይን ከሪቡ (በአፈሙዙ አናት ላይ ከተዘረጋው ጠፍጣፋ ብረት) መሃል እንዲያርፍ። ለግራኝ ያው ጥመት ጉንጭሽን ይገፋና ዓይንሽ ከሪቡ በስተቀኝ ይቀራል። ዓይንሽ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጥይቱም ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንገትሽን አጣምመሽ ታስተካክያለሽ፤ እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ አንገትሽ ይደክምና ሸክላው ማምለጥ ይጀምራል።

ስለዚህ ብሩን በሰደፉ ላይ አውይው። የሚገዛው ጠመንጃ «ግራኝ» የሚል ጽሑፍ ባይኖርበትም ምንም አይደል።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

በተባለው ላይ ዋጋና ሞዴል ልጨምር። በ800 ዶላር ውስጥ እንዲህ አስቀምጣቸዋለሁ።

ብራውኒንግ ቢፒኤስ ያገለገለ፣ እንደ ሁኔታው ከ400 እስከ 600 ዶላር ገደማ። ፓምፕ ነው፣ የፊት መያዣውን ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳብሽ የምታጎርሺው። ቀለሀው የሚወጣው ከታች ስለሆነ ቀኝ ግራ አይለይም፤ እግርሽ ሥር ይወድቃል። ሴፍቲው ከላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ነው። ከብረት የተሠራ በመሆኑ ከበድ ይላል፤ ለክሌይ ደግሞ ክብደት ጥቅም ነው፣ ርግጫውን ይውጠዋል። ኢታካ 37 ሲገኝም ከታች ነው የሚጥለው፤ ሴፍቲው ግን ተሻጋሪ ስለሆነ ለግራ የተለወጠ መሆኑን ጠይቂ።

ሞስበርግ 500 የግራኙ ሥሪት። በአዲስነቱ በበጀትሽ ውስጥ ይገባል፣ ሴፍቲውም ከላይ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው፤ በቀን 100 ጥይት ለሚተኩስ ትከሻ ያደክማል። 28 ኢንች አፈሙዝ ያለውን ምረጪ። አጭሩ 18 ½ ለቤት መከላከያ የተሠራ ነው፤ ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትወስጂው፣ በሸክላ ላይ ቶሎ ይቆማል፣ ተከትሎ አይሄድም።

ሬሚንግተን 1100 የግራኝ፣ ያገለገለ። እኔ የምመርጥልሽ ይህን ነው። በጋዝ የሚሠራ ግማሽ አውቶማቲክ ስለሆነ ርግጫው ለስላሳ ነው። ከ500 እስከ 800 ዶላር ድረስ ይዞራል፤ የግራኙ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ግን መጠበቅ ይጠይቃል። ስትገዢ የፊት መያዣውን አስፈትተሽ በጥይት ቱቦው ላይ ያለችውን ጥቁር የጎማ ቀለበት እዪ። ከደረቀች ወይም ከተሰነጠቀች ጋዙ ያመልጥና ጠመንጃው ሁለተኛውን ጥይት አያጎርስም። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ የሚሸጠው በዚህች በጥቂት ዶላር በምትገኝ ቀለበት ምክንያት ነው። ሁለት ገዝተሽ አንዷን በቦርሳሽ ያዢ። ከዚያ ደግሞ የፊት መያዣው እንጨት ከኋላ ጠርዙ መሰንጠቁን እዪ፤ የዚህ ሞዴል የታወቀ ድክመት ነው።

የቀኝ ሬሚንግተን 870 ወይም 1100 በጥሩ ዋጋ ካገኘሽ ሴፍቲው በግራኝ ቁልፍ ይለወጣል፤ መስኮቱ ግን እዚያው ይቀራል። ሥራው ቀላል ነው፤ ችግሩ ከቁልፉ በላይ ያለችው ትንሽ የብረት ኳስና ስፕሪንግ ነው። ፒኑን ሲገፉት ስፕሪንጉ ተስፈንጥሮ ይጠፋል። የቃታውን ክፍል በሙሉ በጥርት ያለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ መፍታት ነው መላው። ከጨረሱ በኋላ ባዶውን ጠመንጃ ሴፍቲ ላይ አድርጎ ቃታውን መሳብ፤ መዶሻው ከወደቀ ሥራው ስህተት ነው፣ ወደ ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ጠጋኝ) ይወሰድ።

ቤኔሊ ሞንተፌልትሮ የግራኝ አለው፤ ጥሩ ነው፤ ከበጀትሽ ግን በጣም ይርቃል።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ የግራኝ ግማሽ አውቶማቲክ ትራፕ ላይ ቀለሀውን በግራሽ በቆመው ሰው ላይ ይጥላል። መስኮቱ ላይ የምትገጠም ትንሽ መያዣ አለች፣ ቀለሀውን ታስቀረዋለች። ሳይነግሩሽ ገዝተሽ ሂጂ።

መልስ፣ ከማናሳስ

በ1100 እስማማለሁ። ግን ትንሽ ቆይታ ብታጠራቅም ባለተደራራቢ አፈሙዙ (ሁለት አፈሙዝ አንዱ በሌላው ላይ ያለው) ይሻላታል ባይ ነኝ። ተሰብሮ ስለሚከፈት ቀለሀው ወደ ጎን አይወጣም፣ ሴፍቲው ከላይ ነው፣ ለሁለት ዓይነት ሸክላ ሁለት ቾክ (የአፈሙዝ ጫፍ ማጥበቢያ) ይይዛል። መክፈቻው ዘንግ የተሠራው ለቀኝ አውራ ጣት ቢሆንም በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ያገለገለ ብራውኒንግ ሲቶሪ ወይም ቤሬታ 686 ከ1,200 ዶላር በላይ ይላል፤ በ600 ዶላር የሚሸጠውን አዲስ ርካሽ ባለተደራራቢ ግን አልመክርሽም። በሳምንት አራት ዙር ብትተኩሺ 100 ጥይት ነው፣ በዓመት ወደ 5,000። ርካሾቹ ለአደን እንጂ ለዚህ ቁጥር አልተሠሩም፤ መጀመሪያ የቀለሀ መወርወሪያ ስፕሪንጉ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ታችኛው አፈሙዝ አልተኩስም ይላል።

ያገለገለ ባለተደራራቢ ስታዪ እነዚህን አትለፊ። ሲዘጋ የመክፈቻው ዘንግ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ቢቆም ገና አልተበላም፤ መሃሉን አልፎ ወደ ግራ ካዘነበለ መቆለፊያው ተበልቷል። የፊት መያዣውን አውጥተሽ ዝጊውና ሰደፉን ይዘሽ አፈሙዙን ወደ ጎን ነቅንቂ፤ ቀጭን እንቅስቃሴ ከተሰማሽ ተዪው። አፈሙዙን ወደ መስኮት ብርሃን አዙረሽ በውስጡ ተመልከቺ፤ የብርሃኑ ክብ ቀለበት በአንድ ቦታ ከተጣመመ ተሰርጉዷል ወይም ተነፍቷል።

ሰደፉን ለማየት ጠመንጃውን ከሰደፉ በኩል ቀጥ አድርገሽ በሪቡ ላይ አሻግረሽ እዪ። የሰደፉ ጫፍ ከሪቡ ወደ ቀኝ ከወጣ የቀኝ ነው። እንጨት ከሆነ ሰደፍ የሚያጣምም ጋንስሚዝ በሙቀትና በዘይት ወደ ግራ ይመልሰዋል፤ ከ150 እስከ 300 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ፕላስቲክ አይጣመምም። ብዙዎቹ አዳዲስ ግማሽ አውቶማቲኮች ግን በሰደፉና በአካሉ መካከል የሚገቡ ማስተካከያ ሺሞች ይዘው ይመጣሉ። ቤኔሊ ላይ ዲኤክስ የቀኝ፣ ኤስኤክስ የግራ ነው። ከኋላ ያለው የመቆለፊያ ሳህን አብሮ ካልተለወጠ ሰደፉ ይላላል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ልኩን እንዲህ ፈትሺ፦ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጪ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትከሻሽ ላይ አስገቢው፣ ከዚያ ግለጪ። በሪቡ ላይ ያሉት ሁለቱ ነጥቦች (የፊቱና የመሃሉ) አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጠው እንደ 8 ቁጥር ከታዩሽ ገጥሟል። በአውራ ጣትሽና በአፍንጫሽ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ለአብዛኛው ወንድ የሚሠራው 14 ¼ ወይም 14 ½ ኢንች ሰደፍ ለአንቺ ሊረዝም ይችላል፤ ከረዘመ ሲገባ ብብትሽን ይይዛል።

መልስ፣ ከስፕሪንግፊልድ

ስለ ሜዳ። ሴንተርቪል ያለው ቡል ራን የተኩስ ማዕከልና በሜሪላንድ ግሌን ዴል ያለው የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የትራፕና ስኪት ማዕከል ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ አባልነት አይጠየቅም። ከአሌክሳንድሪያ ስትነሺ ቡል ራን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ደውለሽ የሚከራይ ጠመንጃ እንዳለና ከግራ ትከሻ የሚተኮስ መሆኑን ጠይቂ። አንድ ዙር 25 ሸክላ ነው፣ አንድ ፓኮ ጥይትም 25። መጀመሪያ በትራፕ ጀምሪ፤ ሸክላው ከአንቺ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ስኪት ደግሞ በጎን ስለሚያቋርጥ ጥንድ ተኩስም ስላለው ይከብዳል። ጥይቱ የፍሬዎቹ ክብደት 1 አውንስ ወይም ⅞ አውንስ፣ የፍሬው መጠን ቁጥር 8 ይሁን። ጀማሪን ከስፖርቱ የሚያባርረው የ1 ⅛ አውንስ ፈጣን ጥይት ነው።

በወረቀቱ ላይም አንድ ነገር። ፎርም 4473ን፣ ጠመንጃ ገዢ በመደብር የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ፣ የምትሞይው አንቺ ራስሽ ነሽ። ወንድም ወይም ባል በአንቺ ገንዘብ በስሙ ቢገዛልሽ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ በራሱ ገንዘብ የሚሰጥሽ እውነተኛ ስጦታ ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር አይችልም፣ ለምሳሌ የፀና የአደን ፈቃድ ካለው። አድራሻሽ በመታወቂያው ላይ ካልታደሰ መደብሩ ይመልስሻል፤ ቀድመሽ አሳድሺው። በቨርጂኒያ ከግለሰብ ብትገዢም የጀርባ ምርመራው አይቀርም፤ ፈቃድ ባለው የጠመንጃ ነጋዴ በኩል አስደርጉት።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ

በጣም አመሰግናለሁ። ትከሻዬ ቀጭን ስለሆነ 20 ጌጅ (ከ12 ጌጅ የጠበበ አፈሙዝ ያለው) ይሻለኛል?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ለጀማሪ 12 ጌጅ ከ⅞ አውንስ ጥይት ጋር ይሻላል። ርግጫውን የሚወስነው የጠመንጃው ክብደትና የጥይቱ መጠን እንጂ የጌጁ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ብዙ 20 ጌጅ ቀላል ስለሆነ ከከባድ 12 ጌጅ ብሶ ይመታል። ጥይቱም በአብዛኛው ይወደዳል።

20 ጌጅ ከገዛሽ ግን ሁለቱን ጥይት በአንድ ቦርሳ አትያዢ። ቢጫው የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ተንሸራቶ ገብቶ እዚያው ይቀረቀራል፤ ከኋላው 12 ጌጅ ከተጨመረና ከተተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል፣ ያውም ከፊት ያለችው እጅሽ ባለችበት ቦታ። ቃታ ስበሽ ካልተኮሰ ሳትከፍቺ 30 ሰከንድ ወደ ሜዳው አነጣጥረሽ ጠብቂ፣ ከዚያ ክፈቺና አፈሙዙን አሻግረሽ ሳታዪ ሌላ ጥይት አታግቢ።